የሬዲዮ ጥያቄዎቻችሁ፦ ሊኒየሩ ቤት ገባ፣ ቀጥሎስ?

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ሊኒየር ናቸው። ሊኒየር የምንለው ያው ፓወር አምፕሊፋየሩን (ባጭሩ አምፑን) ነው፣ ከአማተር ሬዲዮው የሚወጣውን መቶ ዋት ተቀብሎ አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ፣ አንዳንዱም ከሺህ በላይ አድርጎ ወደ አንቴና የሚልከውን ሳጥን። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ ለሱ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ ጄኔራል ላይሰንስ (መካከለኛው የአሜሪካ አማተር ፈቃድ) አለኝ፣ ሬዲዮዬ አይኮም 7300 ነው። ሃምፌስት (የአማተሮች የዕቃ ገበያ) ላይ ያገለገለ አሜሪትሮን ኤኤል 811 በጥሩ ዋጋ አገኘሁና ገዛሁት። አንቴናዬ ኢንድፌድ (በአንድ ጫፉ በኩል የሚመገብ) ሽቦ ነው፣ ጓሮ ካለው ዛፍ ላይ ነው ያሰርኩት። በኮአክስ (በአንቴና ገመድ) አገናኝቼ ላብራው ወይስ ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ፣ 811 ለጀማሪ አሪፍ ማሽን ነው። ሦስት 811ኤ ቲዩብ አለው፣ ኩባንያው ስድስት መቶ ዋት ይለዋል፣ ኤች የተጨመረበት ደግሞ በአራት ቲዩብ ስምንት መቶ። ግን ዝም ብለህ አታብራው። ማኑዋሉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስላለ መጀመሪያ አውርድና አንብበው።

ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ የመጀመሪያው ሥራ ገና ምንም ሳይሰካ ነው። ክዳኑን ከፍተህ (ከታች ለሌላ ጠያቂ ስለ ክዳን የመለስኩትን ሳታነብ ግን ካቻቢቴ እንዳታነሳ) ቲዩቦቹ በደንብ ተቀምጠው እንደሆነ፣ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ የላላ ብሎን እንዳለ፣ ከሁሉም በላይ ትራንስፎርመሩ ለ120 ይሁን ለ240 የታሰረው እይ። ለ240 የታሰረውን 120 ላይ ብትሰካው ሁሉም ነገር በግማሽ ቮልቴጅ ስለሚሆን ማሽኑ ደብዘዝ ብሎ ይቀመጣል እንጂ ወዲያው የሚቃጠል ነገር የለም። መዓቱ ተቃራኒው ነው፣ ለ120 የታሰረውን 240 ላይ ከሰካኸው ፊውዙ ቶሎ ካላዳነህ ትራንስፎርመሩም ካፓሲተሩም ቲዩቡም ተያይዘው ይሄዳሉ። ሻጩ «እኔ ቤት በደንብ ይሠራ ነበር» ቢልህ እውነቱን ነው፣ እሱ ቤት የነበረው ሶኬት የትኛው እንደሆነ ግን ጠይቀው።

ስድስት መቶ ዋት ለማውጣት ማሽኑ ከግድግዳ ሺህ ዋት ያህል ይስባል፣ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። በ120 ቮልት ይሄ ስምንት ዘጠኝ አምፒር ማለት ነው፣ ባለ 15 አምፒር ብሬከር ላይ ለብቻው ከሆነ ይችለዋል፣ እዛው መስመር ላይ ሂተር ወይ ማይክሮዌቭ ካለ ግን ወይ ብሬከሩ ይወርዳል ወይ የክፍሉ አምፖል ከድምፅህ ጋር ብልጭ ድርግም ይላል። አቅሙ ካለህ ላይሰንስ ያለው ኤሌክትሪሻን ለብቻው 240 መስመር ያውጣልህና ትራንስፎርመሩን በማኑዋሉ መሰረት ቀይረህ እሱ ላይ ስካው፣ አምፒሩ በግማሽ ይቀንሳል። ዲቫይደር ላይ አይሰካም፣ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይም አይሰካም። የፕለጉን ሦስተኛ እግር «ሬዲዮው ውስጥ ጉምምም የሚል ድምፅ ያመጣል» ብለው የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፣ እባክህ አንተ ከነሱ እንዳትሆን፣ ውስጥ የሆነ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ ብሬከሩን የምታወርደው እሷ ናት።

ወደ ገመዶቹ እንምጣ። ከፓወሩ ሌላ ሦስት አሉ፣ ከሬዲዮ ወደ አምፑ መግቢያ አጭር ኮአክስ፣ ከአምፑ መውጫ ወደ አንቴና ወፍራም ኮአክስ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ሰው የሚረሳት ቀጭኗ የሪሌይ ሽቦ፣ ሪሌይ ማለት በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ስዊች ነው። እሷ ከሌለች አምፑ አንተ ማውራት መጀመርህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ መቶ ዋትህ እንዲሁ በውስጡ አልፎ ይሄዳል። 7300 ላይ ከኋላ ሴንድ የሚባል መውጫ አለ፣ ፑሽ ቱ ቶኩን ስትጫን ከግራውንድ ጋር ይገናኛል። የሚችለው እስከ 16 ቮልት እና ግማሽ አምፒር ነው፣ የ811 ሪሌይ ደግሞ 12 ቮልት ስለሆነ ይስማማሉ። ነገ ተነገ ወዲያ የድሮ ሂትኪት ኤስቢ 220 ብትገዛ ግን እዛ ሪሌይ መስመር ላይ ከመቶ ቮልት በላይ ነው ያለው፣ እሱን በቀጥታ ለዘመናዊ ሬዲዮ ከሰጠኸው ሬዲዮው ጥገና ቤት ነው የሚሄደው፣ መሃል ላይ ማግለያ ሪሌይ ወይ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ቦርድ ማስገባት ግድ ነው። ያገለገለ ዕቃ ማን እንደነካካው ስለማይታወቅ ያንተንም ቢሆን ከውጭ ጃኩ ላይ በቴስተር ለካው። አምፑ ሬዲዮውን «ዋት ቀንስ» የሚልባት ኤኤልሲ የምትባል ሌላ ገመድም አለች፣ እኔ አልሰካትም፣ ሬዲዮው ላይ ፓወሩን ዝቅ አድርጎ መሥራት ይበልጣል ባይ ነኝ፣ የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ።

አሁን እኔን የሚያሳስበኝ አንቴናህ ነው፣ ከአምፑ በላይ። ኢንድፌድ ሽቦ ስር ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች አይደል? ውስጧ ቀለበት የመሰለ ፌራይት ላይ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ነው። ሳጥኗ ላይ መቶ ዋት የሚል ከተጻፈ ስድስት መቶ ስትልክባት ፌራይቱ ይግላል፣ ሲግል ባሕርዩ ይቀየራል፣ ያኔ መጀመሪያ 1.3 የነበረው ኤስደብሊውአር (ከአንቴናው ወደኋላ የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር) እያወራህ እያለ ወደ 2 ከዛ ወደ 3 ሲወጣ ታየዋለህ፣ ዝም ካልክ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሰው ይሄን አይቶ አምፑ ተበላሸ ይላል። ሳጥኗ ላይ 250 ወይ 500 ዋት ቢልም «ለኤስኤስቢ ብቻ» (ለንግግር ብቻ ማለት ነው) የሚለውን ትንሹን ጽሑፍ ፈልግ፣ ምክንያቱም ንግግር ውስጥ እረፍት አለ፣ ኤፍቲ 8 (በኮምፒውተር የሚላክ አጭር መልእክት) ግን አስራ ሦስት ሰከንድ ያህል ያለማቋረጥ ነው የሚለቀው። አምፑም እንደዛው ነው፣ ስድስት መቶው ለንግግር ነው እንጂ ለኤፍቲ 8 ግማሹ ይበቃዋል። ኮአክሱ አርጂ 58 ከሆነ ለአጭሯ ገመድ ተጠቀምበት፣ ወደ አንቴና የሚሄደውን ግን በአርጂ 213 ወይ በኤልኤምአር 400 ቀይረው። የሬዲዮህን የውስጥ ቲዩነርም (አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያስማማውን) አጥፋው። እሱ ያለው ከአምፑ በፊት ስለሆነ ከአምፑ በኋላ ያለውን አንቴና ሊያስተካክልልህ አይችልም፣ ቲዩነር የግድ ካስፈለገህ ከአምፑ በኋላ የሚገባና ዋቱን የሚችል ለብቻው የሚገዛ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበራው አንቴና ላይ ሳይሆን ዳሚ ሎድ (ዋቱን ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት የሚቀይር ሳጥን) ላይ ይሁን። ትንንሾቹ ደረቅ ዳሚ ሎዶች ሦስት መቶ ዋት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚችሉት፣ ጀርባቸው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ እይ። አምፑ ስታንድባይ ላይ እያለ ሬዲዮው ብቻውን በትክክል መሥራቱን አረጋግጥ፣ ከዛ ሃያ ሰላሳ ዋት ብቻ ስጠውና ኦፐሬት ላይ አድርገህ ፕሌት እና ሎድ የሚሉትን ሁለቱን ማዞሪያዎች እያፈራረቅክ ዋቱ ከፍ እስኪል ድረስ አዙር፣ እያንዳንዱ ሙከራ ከአምስት ሰከንድ አይለፍ፣ መሃል ላይ አሳርፈው። ከዛ ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ ወደ ስልሳ ዋት ገደማ ውጣ፣ ዓይንህ ከግሪድ ሜትሩ ላይ አይነቀል፣ ማኑዋሉ ካለው በላይ ከሄደ ድራይቩን (ከሬዲዮው የሚገባውን ዋት) ቀንስ ወይ ሎዱን አስተካክል። የ811ኤ ሰሌዳዎች ቀልተው ከታዩህ አቁም፣ 3-500ዜድ የሚባል ቲዩብ ያለው ትልቅ ማሽን ላይ ደብዘዝ ያለ ቅላት ጤነኛ ነው፣ አንተ ጋ ግን አይደለም። እያወራህ ደግሞ ባንድ እንዳትቀይር፣ ውስጥ ያለው ስዊች ላይ ብልጭታ ያነሳና የሚነካኩትን ብረቶች ይበላቸዋል።

ጥያቄ፦ አንድ የቆየ ባለቲዩብ አምፕ አለኝ፣ ፋኑ ይጮሃል። ከሶኬት ነቅዬ ክዳኑን ከፍቼ ዘይት ላድርግለት አስቤ ነበር። ከተነቀለ በኋላ ምንም አያደርግም አይደል? (ከዳላስ)

መልስ፦ ያደርጋል። ከዚህ ወር ጥያቄ ሁሉ ይቺን ነው ቀድሜ ያነበብኳት፣ በዚህ ሙያ ሰው የሚሞተው ማሽኑ በርቶ እያለ ብቻ አይደለም፣ «ጠፍቷል» ብሎ ካሰበ በኋላም ነው።

ባለ 3-500ዜድ ማሽን ውስጥ ሦስት ሺህ ቮልት ያህል አለ፣ 811 ውስጥ እንኳ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ። ይሄ ቮልቴጅ ካፓሲተሮች ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ፕለጉን ስትነቅል አብሮህ አይነቀልም። 20 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ3000 ቮልት ተሞልቶ 90 ጁል ይይዛል፣ ልብ ለማቆም ከበቂ በላይ ነው። ማሽኑ ውስጥ ይሄን ቻርጅ ቀስ በቀስ የሚያፈስሱ ብሊደር የሚባሉ ሬዚስተሮች አሉ፣ ጤነኛ ከሆኑ በደቂቃዎች ውስጥ ያወርዱታል፣ ግን በሃያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ሲበጠስ ደግሞ ምልክት አይሰጥም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ፕለጉን ንቀልና ጫፉን በዓይንህ በምታይበት ቦታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ «ስዊቹን አጥፍቼዋለሁ» አይበቃም። የፊት ሜትሩ ላይ ሃይ ቮልቴጁ ዜሮ እስኪደርስ ጠብቅ፣ ከደረሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጨምር፣ ሜትሩ ራሱ ሊበላሽ ይችላላ። ቀለበትና ሰዓትህን አውልቅ። ክዳኑ ሲነሳ ኢንተርሎክ የሚባለው ስዊች ፓወሩን ይቆርጣል፣ አንዳንዱ ማሽን ላይ ሃይ ቮልቴጁንም ከብረቱ ጋር ያጋጨዋል፣ ፕለጉ ሳይነቀል ቀርቶ በዛ ጊዜ ቧ ብሎ ከጮኸ ድንጋጤው ላንተ፣ ጉዳቱ ለፊውዙ። ኢንተርሎኩን በፕላስተር አስሮ የሚሠራ ሰው ካጋጠመህ ማሽኑን ከሱ አትግዛ።

ከዛ ቻርጅ ማፍሰሻ ዱላዋን አዘጋጅ፣ እዚህ አገር ቺክን ስቲክ ነው የሚሏት፣ ስሟ ቢያስቅም ከማሽኑ ጎን ሳትጠፋ መኖር ያለባት ዕቃ ናት። ግማሽ ሜትር ያህል የደረቀ ፋይበርግላስ ወይ ፒቪሲ ዱላ፣ ጫፉ ላይ ባዶ የብረት መንጠቆ፣ ከመንጠቆው ወፍራም ተጣጣፊ ሽቦ ወጥቶ መጨረሻው ላይ ጠንካራ ክሊፕ። ቅደም ተከተሉ እንዳይሳሳትብህ፣ መጀመሪያ ክሊፑን ከማሽኑ ባዶ ብረት ጋር ታስራለህ፣ ከዛ ዱላዋን ከመንጠቆው በራቀው ጫፍ ይዘህ መንጠቆውን የሃይ ቮልቴጁ መስመር ላይ ታስነካለህ፣ ትንሽ ቆይተህ ደግመህ ታስነካለህ፣ ከዛ እዛው አንጠልጥለህ ትተዋለህ ሥራህን እስክትጨርስ። ሌላኛው እጅህ ኪስህ ውስጥ። ቴስተርህ ላይ 600 ወይ 1000 ቮልት የሚል ካለ ሦስት ሺህ ቮልት በሱ እንዳትለካ፣ ለዚህ ለብቻው የተሠራ ፕሮብ አለው። ለብቻህ በሆንክበት ሰዓትም አትሥራ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ብሬከሩ የት እንዳለና አንተን ከመንካቱ በፊት ፓወሩን ማጥፋት እንዳለበት ይወቅ።

ይሄን ሁሉ ካነበብክ በኋላ «ለፋን ዘይት?» ካልክ ትክክል ነህ፣ የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰደው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ዴካችን ላይ ሽቦ ዘርግቶ ማታ ማታ ያወራል። ትልቁን ማሽን ካመጣ ወዲህ የኩሽናው ብሬከር ዝም ብሎ ይወርዳል። ትንንሽ ልጆች አሉን፣ እሱ ምንም አይደለም ይላል። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው፣ የምትፈሪው ነገር ግን ሌላ ይሁን። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ አይደለም፣ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሙቀት ነው፣ መጠኑም በርቀት ቶሎ ይቀንሳል። ሕጉ ግን አለ፣ ኤፍሲሲ (የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ) ከ2021 ጀምሮ አማተሮች ጣቢያቸው ለሰው ከተፈቀደው በላይ እንደማያጋልጥ አስልተው እንዲያዩ ያስገድዳል፣ ኤአርአርኤል (የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር) ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማስሊያ አለ። «ሒሳቡን አሳየኝ» በይው። ካላሰላው ማሽኑ እስኪያሰላ ይጥፋ።

ከሞገዱ በላይ የሚያሳስበኝ ሽቦው ልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ መሆኑ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሽቦ ጫፉ ላይ በስድስት መቶ ዋት ከሺህ ቮልት በላይ ይኖረዋል፣ የነካው ልጅ ጣቱ ላይ ነጭ የተቃጠለ ነጥብ ያገኛል፣ ጥልቅ ነው ቶሎም አይድንም። ወይ ከፍ ይበል ወይ ከዴኩ ይራቅ፣ ድርድር የለውም።

ብሬከሩ ደግሞ አዲሶቹ አርክ የሚለዩት ብሬከሮች ናቸው፣ ሞገዱን ብልጭታ መስሏቸው ነው የሚወርዱት። ፌራይት ኮአክሱ ላይ ማድረግ ይረዳል፣ አንቴናውን ከቤቱ ማራቅ ግን ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ይፈታል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ዘመድ ከአትላንታ ሲመጣ አምፕ ሊያመጣልኝ ነው። እዚህ 220 ነው፣ መብራቱም ታውቁታላችሁ። ይሠራል? ፈቃዱስ?

መልስ፦ ከፈቃዱ ልጀምር፣ ዘመድህ ትኬት ሳይቆርጥ። የሬዲዮ ማሰራጫ ዕቃ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ጉምሩክ ላይ ችግር ነው፣ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የክለቡ ጣቢያ ኢቲ 3 ኤኤ አለ፣ እዛ ያሉትን ልጆች መጀመሪያ አነጋግራቸው፣ መንገዱን የሄዱበት እነሱ ናቸው።

ቴክኒኩ ላይ፣ የአሜሪካ ማሽን አብዛኛው ጊዜ ለ120 ታስሮ ነው የሚመጣው፣ ሳትቀይር ከሰካኸው ከላይ ያልኩት መዓት ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ 50/60 የሚል መኖሩንም እይ፣ 60 ብቻ የተባለ ትራንስፎርመር በኛ 50 ሄርዝ የበለጠ ይግላል፣ ፋኑም በኤሲ የሚሠራ ከሆነ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከዚህ ላይ ማንም ማኑዋል ላይ የማይነግርህ ነገር ጨምርበት፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል አየር ቢነፋም አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የሚወስደው በዛው ልክ ያነሰ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ብልጭታ በቀላሉ ነው የሚያሳልፈው፣ ስለዚህ የውስጡ ተዟዟሪ ካፓሲተር ማያሚ ላይ ዝም የሚለው እንጦጦ ስር ሊተኩስ ይችላል። ስድስት መቶ የሚለውን ማሽን በአራት መቶ አሠራው። ሚዛኑን ልንገርህ፣ ከመቶ ወደ አራት መቶ ዋት 6 ዲቢ (ዲሲቤል) ነው፣ ተቀባዩ ጋ አንድ ኤስ ዩኒት፣ ማለትም የሲግናል ሜትሩ ላይ አንድ ደረጃ፣ ከአራት መቶ ወደ ስድስት መቶ ደግሞ ሁለት ዲቢ እንኳ አይሞላም፣ ማንም አይሰማውም።

ስታብላይዘር ከገዛህ አምፑ ከሚስበው ሰፋ ያለ ይሁን። መብራት ሲሄድ ማሽኑን አጥፋው፣ ሲመጣም ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ትንሽ ቆይተህ አብራ። ከዛ ኧርዝ፣ ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ቀዳዳ አለ እንጂ ከኋላው ሽቦ የለም፣ ኤሌክትሪሻን ጠርተህ አስለካው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ኮአክሱን ንቀልና ከቤት ውጭ ተወው፣ ነጎድጓዱ ካለፈ ነው የሚሰካው፣ እየጮኸ እያለ ሄዶ መንቀልም ራሱ አደጋ ነው፣ ከቤት ስትወጣ ነቅለህ ብትሄድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነኝ፣ ስንት ዋት ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ ክላስ ኤ ካለህ በኤችኤፍ (በአጭር ሞገድ) እስከ 750 ዋት። ግን አንቴናህ ጭምር ተሰልቶ ከ10 ዋት ኢአይአርፒ (የአንቴናው ማጉላት የተደመረበት ዋት) ካለፈ ለቡንደስኔትስአጌንቱር (ለጀርመን የኔትወርክ ተቆጣጣሪ) የሚገባ የጨረር ማስታወቂያ አለ፣ አምፕ ከገዛህ ማለፍህ አይቀርም። እንግሊዝ ያላችሁም ስለጠየቃችሁ፣ ፉል ላይሰንስ ከ2024 ጀምሮ 1000 ዋት ሆኗል። አሜሪካ በአብዛኛው ባንድ ላይ 1500 ነው፣ 30 ሜትር ባንድ ላይ ግን 200፣ ቴክኒሺያኖችም ኤችኤፍ ላይ 200።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ላይ ከቻይና የሚመጣ 70 ዋት ኪት አለ፣ በጣም ርካሽ። ለ5 ዋት ሬዲዮዬ ልግዛው?

መልስ፦ ቦርዱን ገልብጠህ ፎቶውን እይ፣ ሎው ፓስ ፊልተር አለው? አብዛኞቹ የላቸውም። ያለ ፊልተር 7 ሜጋ ሄርዝ ላይ ስታወራ 14 ላይም 21 ላይም ከዛም በላይ ትወጣለህ፣ የማታውቀው ሰው ባንድ ላይ ማለት ነው፣ ሕጉም ይሄን አይፈቅድም። ለመማር ብለህ ዳሚ ሎድ ላይ ልትገጥመው ከሆነ ግዛው፣ ጥሩ ትምህርት ነው። አንቴና ላይ ልታወጣው ከሆነ ግን ለምትሠራበት ለእያንዳንዱ ባንድ ፊልተር፣ ትልቅ ሂትሲንክና 12 ቮልት ላይ ከአስር አምፒር በላይ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ጨምረህ ደምረው፣ ያኔ ያገለገለ ባለ መቶ ዋት ሬዲዮ ዋጋ ላይ ልትደርስ ምንም አይቀርህም።

እስከዛው 5 ዋትህን ይዘህ ቀን ላይ 10 ሜትር ባንድን ሞክር፣ ባንዱ ሲከፈት ከቨርጂኒያ አውሮፓ በ5 ዋት ይደረሳል።